ደብተር የሚያህል ኪስ

ቱሉ ዲምቱ ዳር ላይ፣ ብሎክ ሰባ ሦስት፣
አስፋልቱ አልቆ ጭቃው የሚጀምርበት፣
ከምድር ቤቱ ጥግ የስፌት መኪና አለኝ፤
ዚፕ ስቀይር ሲያመሽ ከቶ የማያማኝ።

አራተኛ ፎቅ ላይ ሴቶች ገቡ አሉኝ፤
ሦስት ፍራሽ፣ አንድ ድስት፣ ስም የሌለው ሻንጣ።
«ከየት ናቸው?» ብለው፣ ዘበኛው ጋሽ ቡታ
«ሁሉም ከየራሱ እሳት ነው የመጣ።»

ለተብርሃን ከመሆኒ፤ ትከሻዋ ላይ ጠባሳ፣
የጥይት አይደለም፣ የቃሬዛ ነው፣ ሰው አንስታ።
ዘሀራ ከቆቦ፤ ስትተኛም ጫማዋን አትፈታ።
ኩለኒ ከወለጋ፤ ሳቋን እዚያው ጥላ መጥታ።
አራተኛዋ ይታይሽ፣
ባለ ደብተሯ።

«ያዩትን እጽፋለሁ» አለችኝ፣ ቁልፍ ልታስተክል ወርዳ፣
«ማን ደፈረ፣ የት፣ በስንት ሰዓት፤
ማን በሩን ዘጋ፣ ማን ውሃ አቀበለ።»
«ለማን ነው?»
«ለጠየቀ።»
«ማንም ካልጠየቀስ?»
ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣
«እስኪጠይቅ።»

ውሃ በዚህ ሰፈር ማክሰኞ ሌሊት ነው የሚመጣ፤
ጀሪካን ይሰለፋል፣ ሰው ከነጋቢው ሲወጣ።
በመጀመሪያው ሳምንት ለተብርሃን
ከዘሀራ ኋላ ላለመቆም
ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ተመለሰች።
ዘሀራ አየቻት። ምንም አላለች።
በሁለተኛው ውሃም አልመጣ።
በሦስተኛው፣ ሊፍት በሌለው ፎቅ
ሃያ ሊትር ስንት እንደሚመዝን ጉልበት ብቻ ነው የሚያውቅ፣
አንዷ ጆሮውን ይዛ፣ አንዷ ከታች ደግፋ
ደረጃው መሃል ቆሙ።
ይቅርታ የተባባሉ አይመስለኝም።
«ቀስ፣ እንዳይፈስ» የሚለው ብቻ ነው የደረሰኝ።

አንድ ቀን ሁለት ሰዎች መጡ፣
በሐምሌ ዝናብ ጥቁር መነጽር ያደረጉ፣
ደብተር የምትጽፍ ሴት የሚፈልጉ።
እግሬን ከፔዳሉ አላነሳሁም፤
«እኔ ጨርቅ እንጂ ፊደል አላነብም» አልኩ።
ደብተሩ የተቀመጥኩበት ትራስ ሆድ ውስጥ ነበር፣
በድርብ ስፌት።
እስኪሄዱ ያንን አንድ እጅጌ ሦስት ጊዜ ሰፋሁት።

በሳምንቱ አቶ ደምሰው ሙሉ ልብስ ይዘው መጡ፤
«የሰላም ጉባኤ ነው፣ ሆቴል፣ ሰኞ ጠዋት፤
ሱሪው መሬት እንዳይስም ሁለት ጣት ቀንሺለት።»
«ሴትም ይኖራል?» አልኳቸው፣ ጠመኔዬን ይዤ።
«እንዴታ! አበባ የሚሰጡ፣ ሻይ የሚቀዱ።»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤
የሥራ ሳቅ አለ፣ ከሂሳቡ ጋር የሚከፈል።

ማታ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፣ ወይም ደግ፤
ይታይሽ ስም ሳትነካ የምታጽፈኝን አንድ መስመር
ከሱሪው እጥፋት ከትቼ ልስፋው፣ ከጠርዙ፣
አብሯቸው እየረገጠ እንዲገባ።
ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች።
«ጠርዝ ላይ መኖር ሰልችቶናል» አለችኝ፣
«በሰው ሱሪ እጥፋት አንገባም። ሆቴሉ በር አለው።
ወንበር ቢጠፋ ቆመን እንናገራለን፤ መቆሙንስ ለምደናል።»

እሁድን ቀሚሷ ላይ አነጋሁ።
የሴት ቀሚስ ኪስ የለውም፤
ማን እንደወሰነው እንጃ፣
እጃችን የሰው ዕቃ ስለማይለየው ይሆናል።
ደብተር የሚያህል ኪስ ሰፋሁላት፣
ከውስጥ ሳይሆን ከላይ፣
ማንም እንዲያየው፣ ይታይ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወደ ታክሲው ሸኘኋቸው።
«ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» ይላል ረዳቱ።
«አራት ናቸው» አልኩት።
ለተብርሃን ወደ ዘሀራ ተጠጋች፤
ሞላ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ስልካቸው አይሠራም።
ውሃው መጣ። በእነሱ ተራ ቆሜ
ጀሪካኖቻቸውን ሞላሁ።
ጋሽ ቡታ ባትሪውን አብርቶ፣
«ሳይመለሱ?» አለኝ።
«ሲናገር የዋለ ሰው ይጠማዋል፤
ይልቅ ከታች ደግፍልኝ» አልኩት፣
«ቀስ፣ እንዳይፈስ።»